በትንሽ በጀት አስፈሪ ፊልም ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ መሪ ተዋናይዋን ፈልጉ

በአነስተኛ በጀት በሚሠሩ ፊልሞች ላይ ፕሮዳክሽን ማናጀር ሆኜ ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። አብዛኞቹ አስፈሪ ፊልሞች ናቸው። ጥቂት ሳይንሳዊ ልብ ወለድም አለበት። ሥራዬ ገንዘቡን መቁጠር፣ ሰዉን በሰዓቱ ማድረስ፣ ሲበላሽ ማስተካከል ነው። ይበላሻል ደግሞ። አንድም ቀን ሳይበላሽ ያለቀ ቀረጻ አላየሁም።

ሰዎች ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ካሜራ ነው። «የትኛውን ብከራይ ይሻላል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «መሪ ተዋናዩ ማነው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አንዳንዶቹ «አንድ መልከ መልካም ልጅ አለን» ብለው ያልፉታል።

እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር ግን አይደለም። ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ጭራቁን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ከተማ ያፈርሳል። እናንተ ያላችሁ የሰው ፊት ነው። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ባለንብረቱ ከቤቱ ሲያስወጣችሁ በእጃችሁ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

ስትጽፉ በሩን አትዝጉ

በአማርኛ ስንጽፍ ግሱ ይቀድመናል። «በሩን ከፈተ» ካልን ገጸ ባህሪው ወንድ ሆነ። አስበንበት አይደለም። ከዚያ ኦዲሽን ስንጠራ ወንዶችን ብቻ እንጠራለን።

እኔ የምመክረው ቀላል ዘዴ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ በአንቱታ ጻፉት። «ጠባቂው በሩን ይከፍታል» በማለት ፈንታ «ጠባቂ በሩን ይከፍታሉ» በሉ። ሲነበብ ትንሽ ይጎረብጣል። ግን ሰው እስክታገኙ ድረስ ሚናው ለወንድም ለሴትም ክፍት ሆኖ ይቆያል። አንቱታው ዕድሜውን ከፍ ያደርገዋል ትሉኝ ይሆናል። ያድርገው። ወጣት መሪ ተዋናይ ሞልቷል።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤሊየን» ርካሽ ፊልም አልነበረም። ግን የመጀመሪያው ስክሪፕቱ ላይ አንድ ማስታወሻ ነበረው። የጠፈር መርከቧ ሠራተኞች በሙሉ በወንድም በሴትም ሊተወኑ ይችላሉ ይላል። በመጨረሻ ዋናውን ሚና ያገኘችው ሲጎርኒ ዊቨር ናት። በፊልም መሪ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነበር። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ምንም ወጪ አላስወጣችም።

ኦዲሽን ላይ ሥራ ስጧቸው

ማስታወቂያው ላይ «ቆንጆ»፣ «ማራኪ»፣ «ከ20 እስከ 28 ዓመት» የሚሉትን አውጡ። የፈተናውን ክፍል ምድር ቤት ላይ አድርጉት፤ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰውም ይምጣ። ቀን ሥራ ላይ የሚውሉ ሰዎች እንዲደርሱ ማታም ጨምሩ። ለትራንስፖርት የምትሰጡት ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የሚያመጣላችሁ ሰው ግን ብዙ ነው።

ሰው ሲመጣ ንግግር ብቻ አታስነብቡት። በእጁ የሚሠራው ነገር ስጡት። ይህን የተማርኩት በአንድ ፊልም ላይ ነው።

ታሪኩ በአሮጌ መጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ስለሚያሳልፍ ጥበቃ ነበር። ለሚናው አንድ ወጣት መርጠን ነበር። ቀረጻ ሊጀመር 11 ቀን ሲቀረው የተሻለ ክፍያ አግኝቶ ሄደ። አልፈርድበትም። እኛ ግን መያዣ መጨበጫው ጠፋን።

በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ለእናት ሚና ልታነብ መጣች። ዕድሜዋ ከ50 አልፏል። የእናት ሚናው ሁለት ትዕይንት ብቻ ነው፤ ከዚያ ትሞታለች። አንብባ ስትጨርስ ዳይሬክተሩ የጥበቃውን ገጽ ሰጣት። ምርጫ ስላልነበረን ነው እንጂ ብልህ ሆነን አይደለም። እሷም ገጹን አየችና «ቁልፍ አላችሁ?» አለች። የእኔን የቁልፍ ዘለላ አውጥቼ ሰጠኋት።

ማንበብ ጀመረች። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ጣቶቿ ግን ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። አንዱን በአውራ ጣቷ ትገፋለች፣ ጥርሱን በጥፍሯ ትነካለች፣ ታልፈዋለች። ወደ ሚቀጥለው። አራተኛው ላይ ቆመች። ሳታየው አወጣችው። ቁልፎቹ አልተንሿሹም፤ የቀሩትን በትንሿ ጣቷ አፍና ይዛቸው ነበር። በኋላ ስንጠይቃት ለ22 ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች። በጨለማ ቁልፍ መለየት ለእሷ ትወና አይደለም።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኛም ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ልንገድላት ተዘጋጅተን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮዲዩሰሩ የእሷን ክፍያ ለወጣቱ ከተመደበው ዝቅ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። «ስም የላትም» አለ። ልጁስ ምን ስም ነበረው? በጀቱ ላይ የተጻፈው ክፍያ የሚናው ነው፤ ሚናው ደግሞ አልተቀየረም። ተከራክሬ ያው ገንዘብ ተከፈላት። እናንተም ይህን ክርክር አትሽሹት።

«ተመልካች አይመጣም» የሚላችሁም አይጠፋም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጌት አውት» ጥቁር መሪ ተዋናይ ያለው አስፈሪ ፊልም ነው። በ4.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በ23 ቀን ተቀርጾ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ይህን ቁጥር አሳዩአቸው።

ሰውየውን ካገኛችሁ በኋላ እንደገና ጻፉ

ክፍት አድርጎ መጻፍ ግማሹ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ ያገኛችሁት ሰው ስክሪፕቱ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው።

«ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» በ1968 እ.ኤ.አ. በ114 ሺህ ዶላር ገደማ የተሠራ አስፈሪ ፊልም ነው። መሪ ተዋናዩ ድዌይን ጆንስ ጥቁር ነበር። ስክሪፕቱ ስለ ቆዳ ቀለም አያወራም። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ ለኦዲሽን ከመጡት ሁሉ እሱ ስለበለጠ እንደመረጠው ደጋግሞ ተናግሯል። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኔ ይበልጥ የምወደው የሚቀጥለውን ነው። ገጸ ባህሪው ሲጻፍ ሻካራ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጆንስ ደግሞ የተማረ ሰው ነው፤ ንግግሩን እንዳለ ለመናገር ፈቃደኛ አልሆነም። ራሱ አስተካከለው። እነሱም ፈቀዱለት። ዛሬ የምናውቀው ረጋ ያለ፣ የሚያስብ፣ ቤቱን በሳንቃ የሚዘጋው ሰው የመጣው ከዚያ ነው።

እኛም ከሴትየዋ ጋር ሦስት ቀን ተቀመጥን። ስክሪፕቱን እያነበበች «ይህን አላደርግም» ያለችውን ሁሉ ምልክት አደረግንበት። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ሲፈራ ይሮጣል። እሷ ግን «እኔ አልሮጥም፤ መብራት አጥፍቼ ቁጭ እላለሁ» አለች። የሩጫው ትዕይንት አምስት መብራትና ሁለት ሌሊት ይፈልግ ነበር። መደበቂያው የፈለገው አንድ በርና አንድ ወንበር ነው። ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።

አንድ ንግግር ደግሞ አወጣን። ቀን ላይ ፈረቃ የሚያስረክባት ሰውዬ «ሴት ሆነሽ ማታ አትፈሪም?» እንዲል አንዳችን ጨምረን ነበር። ለምን ጨመርነው? ተመልካቹ እንዳይገረም ብለን ይቅርታ መጠየቃችን ነው። አትጠይቁ። ሥራዋ ነው፣ ትሠራለች። ተመልካች ከምናስበው ቶሎ ይቀበላል።

ጨለማ ውስጥ ፊት እንዲታይ

አስፈሪ ፊልም ሌሊት ነው። መሪ ተዋናይዋ ደግሞ ቆዳዋ ጠቆር ያለ ነበር። በመጀመሪያው የሙከራ ሌሊት ካሜራማናችን መብራቱን በነጩ ግድግዳ ለካ። ግድግዳው አማረ። እሷ ጠፋች። ዓይኗና የሸሚዟ ኮሌታ ብቻ ቀሩ።

ልማዱ ሥር አለው። በፊልም ጥቅል ዘመን ኮዳክ ለፊልም ማጠቢያ ቤቶች «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የቀለም ማመሳከሪያ ፎቶ ይልክ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት ፎቶው ላይ የነበሩት ነጭ ሴቶች ናቸው። የሰው መልክ ትክክለኛ ቀለም የሚለካው በእነሱ ነበር። የዛሬ ዲጂታል ካሜራ እጅግ ይሻላል። የባለሙያው እጅ ግን የለመደውን ይሠራል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። መብራቱን ከግድግዳው ላይ ሳይሆን ከፊቷ ላይ ለኩ። ፊቷን ለማድመቅ ብላችሁ ሁሉንም ነገር አታድምቁ፤ ግድግዳው ከብርሃን ብዛት ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ሌሊቱም ቀን ይሆናል። ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል አርቋት። ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በጥቁር ጨርቅ ከልሉ። ከጎን በኩል ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ስጧት። በነጭ አንሶላ ውስጥ የሚያልፍ አንድ መብራት ይበቃል። ከኋላ ደግሞ ቀጭን ብርሃን አድርጉ፤ ትከሻዋንና ፀጉሯን ከጨለማው ይለየዋል። ሜካፕ ባለሙያዋ ፊቷን ሁሉ ፓውደር እንዳታለብስ ንገሯት። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅርጹን የሚያወጣው ወዙ ነው። ጉንጭና ግንባር ላይ ትንሽ ቅባት ብዙ ይሠራል። ቀላ ያለና ጠቆር ያለ ሰው አንድ ሾት ውስጥ ከሆኑ ጠቆር ያለውን ወደ መብራቱ አቅርቡት።

ይህን ሁሉ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት፣ በእውነተኛው ቦታ፣ በእውነተኛው ልብስ ሞክሩት። ሦስት ሰዓት ይበቃል።

ሌላ ፊልም ላይ መሪ ተዋናይዋ መስማት የተሳናት ነበረች። ንግግሯ በምልክት ቋንቋ ነው። ስክሪፕቱ ገጽ 40 ላይ «መብራት ይጠፋል» ይላል። ከዚያ ሁለት ገጽ ሙሉ ታወራለች። ማንም አላየውም። ያየችው እሷ ናት፤ «በጨለማ እንዴት ልናገር?» ብላ በአስተርጓሚዋ በኩል ጠየቀች። ትዕይንቱን ልንሰርዘው ነበር። ዳይሬክተሯ ግን አንድ የእጅ ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ተዋናይዋ ለመናገር እጇን ወደ ብርሃኑ ማስገባት አለባት። ብርሃኑ ውስጥ ከገባች ደግሞ ያ ነገር ያያታል። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ትዕይንት የለም።

እንዲህ ዓይነት ፊልም ከሠራችሁ ጥቂት ነገር አስታውሱ። ፊት ላይ ብቻ የሚያተኩር ክሎዝ አፕ ንግግሯን ይቆርጠዋል፤ እጆቿ ፍሬም ውስጥ ይሁኑ። «አክሽን» የሚባለውን በመብራት ወይም በእጅ ምልክት አድርጉት። ስታወሩ ወደ እሷ እያያችሁ እንጂ ወደ አስተርጓሚዋ እያያችሁ አታውሩ። የአስተርጓሚውን ክፍያ ከመጀመሪያው ቀን በጀት ውስጥ አስገቡ። ኤዲቲንግ ላይ ደግሞ የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ አለዚያ ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ትቆርጡታላችሁ።

ሲበላሽ

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ለ12 ቀን ቀረጻ ተስማምተን ነበር፤ በቃል። በአራተኛው ሌሊት ባለንብረቱ መጥቶ እጥፍ ክፈሉ አለ። አልነበረንም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዕቃችንን ጭነን ወጣን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የጽሑፍ ውል ያዘጋጀሁት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ አዘጋጁ። የሚፈርመው የእውነት ባለቤቱ መሆኑን አረጋግጡ። የሌሊቱን ሰዓት በቁጥር ጻፉበት። ተጠባባቂ ቦታም ይኑራችሁ።

ያዳነን ግን አንድ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የፊልሙን ሆድ ቀርጸን ነበር። ብዙ ሰው ለማሟሟቅ ብሎ በቀላል ትዕይንት ይጀምራል፤ መኪና ሲቆም፣ ሰው ሲገባ። አታድርጉት። ያለሱ ፊልሙ የማይቆመውን ትዕይንት፣ መሪ ተዋናይዋ ለብቻዋ ያለችበትን፣ በጊዜ ቅረጹ። ያ በእጃችሁ ካለ የቀረው ይለጠፋል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በመጀመሪያው ሰዓት የምታደርጉት ወሳኝ ነው። ለሠራተኛው የሚናገረው አንድ ሰው ይሁን። ሰዉን አብሉና ወደ ቤቱ ላኩ፤ የደከመና የተናደደ ሰው አጠገብ ምንም አይወሰንም። የተቀረጸውን ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች በአንድ መኪና አይሂዱ። ከዚያ ዳይሬክተሩ፣ ኤዲተሩና ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ስክሪፕቱን ይዘው ይቀመጡ። ኤዲተሩን አትርሱት። ምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው።

እኛ 31 ትዕይንት ቀርቶን ነበር። አንድ በአንድ ጠየቅን። ይህ ባይኖር ታሪኩ ይገባል? ይህን በድምፅ ብቻ መንገር ይቻላል? ይህ በጥበቃ ክፍሏ ውስጥ ሊሆን ይችላል? ዘጠኙን ጣልን። የቀሩት 22ቱ በሙሉ ወደ ጥበቃ ክፍሉ ገቡ። ክፍሉን በሰው ጋራዥ ውስጥ በቆርቆሮና በሁለት አሮጌ በር ሠራነው። የድምፅ ባለሙያችን በመጀመሪያው ሌሊት ሁሉን ሰው ዝም አሰኝቶ የመጋዘኑን ባዶ ድምፅ ለሁለት ደቂቃ ቀድቶ ነበር። ያኔ ጊዜ አባካኝ ብለነው ነበር። ያ ድምፅ ከጋራዡ ሥዕል በታች ሲገባ ቆርቆሮው መጋዘን ሆነ። የትም ስትቀርጹ ይህን ሁለት ደቂቃ ውሰዱ።

ጭራቁስ? የጎማ እጁ በሦስተኛው ቀን ተቀደደ። ስለዚህ አልታየም። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው «ጆውስ» ላይም በሜካኒክ የሚንቀሳቀሰው ሻርክ በጨው ውኃ እየተበላሸ ለ55 ቀን የታቀደው ቀረጻ 159 ቀን ፈጅቷል። ሻርኩ በማይሠራበት ጊዜ ውኃው ላይ የሚጎተቱ ቢጫ በርሜሎች ተኩት። ግን ይህን ሰምታችሁ «አለማሳየት ያስፈራል» ብላችሁ አትዝናኑ። አለመታየቱ ብቻውን ባዶ ፍሬም ነው። የሚያስፈራን ያንን ነገር የሚያየው ሰው ፊት ነው። በእኛ ፊልም ውስጥ የሚመጣው ነገር በሩን ሲደርስ የምናየው እሷን ነው። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ይሄዳሉ። ከዚያ ይቆማሉ። በቃ።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ጋራዡ ውስጥ በሰባተኛው ቀን በባዶ እግሯ ሲሚንቶ ላይ ሦስት ሰዓት ቆመች። አንድ ቃል አልተናገረችም። የነገረችኝ ሜካፕ ባለሙያዋ ናት። ዕድል ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ ሰው «አስቸጋሪ ናት» እንዳይባል ሁሉን ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው። በየቀኑ፣ ለብቻ፣ ሰው ሳይሰማ ጠይቁ። ወንበር፣ ሙቀት፣ የሚመለስበት መኪና። በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አታሠሩ። በጀቱ ስላነሰ የሚጎዳው እሷ መሆን የለባትም።

ርካሽ ነገር፣ በአጭሩ

ጭምብል ግዙና ቀለም ቀቡት። በ1978 እ.ኤ.አ. በ«ሃሎዊን» ላይ የገዳዩ ፊት ከሁለት ዶላር ባነሰ ዋጋ የተገዛ ጭምብል ነው፤ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ዓይኑን አሰፉት። የሚሮጥ ካሜራ ከፈለጋችሁ «ኢቭል ዴድ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም የሠሩት ወጣቶች ካሜራውን ሳንቃ ላይ አስረው ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ሮጧል። ጥቁርና ነጭ ከቀረጻችሁ የቸኮሌት ሽሮፕ ደም ይሆናል።

በድምፅ ላይ ግን አትቆጥቡ። የደበዘዘ ሥዕል ይታለፋል፤ የማይሰማ ንግግር አይታለፍም።

ሲያልቅ

ፊልሙ ላይ የሚወጡትን ጽሑፎች፣ ርዕሱንና ስሞቹን፣ ሦስት ሰው ያንብባቸው። የ1968ቱ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» መጀመሪያ ሌላ ርዕስ ነበረው። አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የቅጂ መብት ማሳወቂያው ከድሮው ርዕስ ጋር አብሮ ጠፋ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ ፊልሙ የሕዝብ ንብረት ሆነ። የፈለገ ሁሉ አባዛው፣ ሸጠው። ዛሬ ሕጉ ተቀይሯል። ቢሆንም ርዕስ በቀየራችሁ ቁጥር የባለመብቱ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና የተዋንያኑ ስም በቦታው መኖሩን እዩ።

ቀረጻ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ደግሞ መድቡ። ግማሽ ቀን ቢሆንም ይበቃል። እኛ አልመደብንም። ፊልሙ አልቆ አከፋፋይ ስናናግር ፖስተሩ ላይ ጥላና እጅ ብቻ ይሁን አለን። የእሷን ፊት አልፈለገም። እምቢ አልን። ግን የምንሰጠው ፎቶ አልነበረንም። በመጨረሻ ከስድስተኛው ቀን ቀረጻ ላይ አንድ ፍሬም አወጣን። ትንሽ ደብዘዝ ይላል። ቁልፎቹን ደረቷ ላይ አፍና ይዛ ወደ በሩ ታያለች። ስሟን ከፊልሙ ርዕስ በላይ ጻፍነው።